የተዋጠው መስመር

መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ጣቷ ነው። ስክሪን ስታነብ አመልካች ጣቷን በየመስመሩ ጫፍ ታሳርፋለች፤ የተኛ ሰው እንዳይነቃባት የፈራች ይመስል። የሆስፒታሉ ነርሶች «የኮምፒውተሯ» ይሏታል። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙባቸው ማሞቂያ ሳጥኖች መቼ መጮህ እንዳለባቸው የሚወስነውን የቅንብር ፋይል የምትጽፈው እሷ ናት።

ደወሎቹ በአንድ ረጅም ትእዛዝ ሥር ተደርድረዋል። በየመስመሩ ጫፍ ከሽፋሽፍት የቀጠነች ያዘመመች ጭረት አለች፤ ለማሽኑ «ገና አልጨረስኩም፣ ቀጣዩም የእኔው ነው» የምትል። ያን ቀን ጠዋት አንድ ያረጀ ደወል ማስቀረት ነበረባት። እንደ ልማዷ መስመሩን አልሰረዘችውም፤ ፊቱ ላይ የሀሽ (#) ምልክት አደረገችበት። ሀሽ ያለበትን ማሽኑ የሰው ማስታወሻ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ከምሳ ተመልሳ ስታየው ክው አለች። ሀሽ ባደረገችበት መስመር ጫፍ ያለችውን ጭረት አላጠፋቻትም። ማስታወሻው ቀጣዩን መስመር ጨምሮ ውጦታል፤ ቀጣዩ ደግሞ ሕፃን ሲበርደው የሚጮኸው የብርድ ደወል ነው።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ» አላት አብሯት የሚሠራው ሽማግሌ የመብራት ሠራተኛ። «ሰርቨሩ ዛሬም ኩርፊያ ላይ ነው?»

«ጋሼ፣ የብርዱን ደወል ዘግቼዋለሁ። ከጠዋት ጀምሮ።»

ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋና «አስተካክይውና ዝም በይ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» አላት።

ጭረቷን አጥፍታ ፕሮግራሙን እንደገና አስነሳችው። ወዲያው ከኮሪደሩ ማዶ ደወል ጮኸ።

ሕፃናቱ ክፍል እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። ሲስተር ከአንዱ ሳጥን ሕፃን አውጥታ እናቱ ደረት ላይ ለጥፋዋለች። እናትየው ትንፋሿን ውጣለች። ሕፃኑ እንደ ድመት ግልገል በቀጭኑ ያለቅሳል፤ እግሮቹ ጠቁረዋል።

«አሁን ነው የበረደው፤ ደወሉ ገና መጮሁ ነው» አለች ሲስተር አጠገቧ ለቆመው ሐኪም።

ሐኪሙ መድኃኒት ሊያዝዝ ብዕሩን አነሳ። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ያ ትንሽ ልጅ ግን አሁን ገና እንደበረደው ተቆጥሮ ሊታከም ነው።

«አሁን አይደለም፣ ዶክተር» አለች። «መቼ እንደበረደ አናውቅም። ደወሉን ጠዋት የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ሳላውቅ።»

ሐኪሙ የጀመረውን ሰርዞ ሌላ ጻፈ። «ደም ቶሎ ይወሰድለት» አለ። ከዚያ ቀና ሳይል «አንቺ ኃላፊው ጋ ሂጂ» አላት።

እናትየው አየቻት። ከኋላዋ መጥቶ በሩ ላይ የቆመው ሽማግሌ ሊከተላት ሲል በእጇ መለሰችው። ግድግዳውን እየተደገፈች፣ ከኋላዋ ያን ቀጭን ልቅሶ እያዳመጠች፣ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄደች።