አሥረኛው ሰው ያመጣው ቃል

ፊደል የቆጠርኩት ከሸበትኩ በኋላ ነው። ይህን የሰማ ሁሉ ያዝንልኛል፤ አይዘንልኝ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ቃልን እንደ ሌላው ዝም ብሎ አይውጥም፣ እንደ ጠጠር ያላምጣል እንጂ። ጥርስ ይሰብራል፤ ግን ጠጠር መሆኑን ታውቃለህ።

ያስተማሩኝ አንድ አይሁዳዊ ሽማግሌ ናቸው። የምሠራው በምዕራብ ዴንቨር፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ጥቂት ገባ ብሎ ባለ አሮጌ የጡብ ምኩራብ ነው። እጠርጋለሁ፣ ማሞቂያውን አያለሁ፣ በረዶ እዝቃለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ሽማግሌው ቤዝመንት ድረስ ወርደው በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ መነጽራቸውን ረስተው ነበር።

«እኔም መነጽሬን ረስቻለሁ» አልኳቸው። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። ገባቸው።

«ይህን ቤት ምን ብለህ ነው የምትጠራው?»

«ሲናጎግ።»

«እሱ ግሪክኛ ነው፤ መሰብሰብ ማለት ነው። በዕብራይስጥ ቤት ክነሴት እንለዋለን፤ እሱም የመሰብሰቢያ ቤት ነው። አባቴ ግን በዪዲሽ፣ በአውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ፣ ሹል ነበር የሚለው። ሹል ትምህርት ቤት ማለት ነው። ስለዚህ ቁጭ በል።»

ቁጭ አልኩ። የእንግሊዝኛውን ፊደል በእሳቸው ለየሁ። ከዚያ በኋላ ኤቢሲዲን ያወቀ ሰው እንዴት ሀሁ ያቅተዋል ብዬ አማርኛውንም በእልህ ያዝኩት። ሦስት ቋንቋ የሚናገሩት ሰውዬ አንድም ቀን አልሳቁብኝም። የእኔ ሰዎች ስቀውብኛል።

የምኩራቡ ሰዎች ሻመስ ይሉኛል። አገልጋይ ማለት ነው፤ ዪዲሽ ነው፣ በዕብራይስጡ ሻማሽ። በሐኑካ በዓል ሌሎቹን ሻማዎች የምትለኩሰውንም ሻማ ሻማሽ ነው የሚሏት። «በእኛ ቋንቋ እኮ ሻማሽ ማለት የአንቺ ሻማ ማለት ነው» ስላቸው ሽማግሌው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ።

«ለሴት ብቻ ነው?»

«ለሴት ነው።»

«እንግዲያው የሚስቴ ነህ።»

ያን ጊዜ ሚስታቸው በሕይወት ነበሩ። ፎቅ ላይ ካለው ኩሽና ሾርባ እየላኩልኝ «ጨው አነሰው አትበል» ይሉኝ ነበር። ጨው ያንሰው ነበር። ልጅ አልነበራቸውም።

ሚስታቸው ሞቱ፤ ዓመት ሞላቸው። የሙት ዓመትን በዪዲሽ ያርሳይት ይሉታል፤ የዓመት ጊዜ እንደማለት ነው። እኛ አንዴ ደግሰን እንገላገላለን። እነሱ በየዓመቱ ቀኑን ጠብቀው ቃዲሽ የሚባል ጸሎት ይላሉ። ቃዲሽ ከእኛ ቅዱስ ጋር የአንድ ቤት ቃል ነው፤ ውስጡ ስለ ሞት አንድም ነገር የለም፤ እግዚአብሔርን ማመስገን ብቻ ነው። ሚስትህን የወሰደብህን ቆመህ ታመሰግናለህ። ይህ አይገባኝም፤ እንዲገባኝም አልፈልግም።

ግን ብቻህን ሆነህ አይባልም። ሚንያን ያስፈልጋል። ሚንያን ቁጥር ማለት ነው፤ አሥር አይሁዳውያን ወንዶች። ዘጠኝ ሆነህ ደም ብታነባ ቃዲሽ የለም።

በሙት ዓመታቸው ቀን በረዶ ጥሎ ነበር። ለአመሻሹ ጸሎት የመጡት ሽማግሌውን ጨምሮ ዘጠኝ ናቸው። አሥረኛው ታምሜያለሁ ብሎ ቴክስት አደረገ። ቀኑ በፀሐይ መጥለቅ ያልፋል፤ ካለፈ የዘንድሮው አለፈ ማለት ነው። ሽማግሌው ፊት ወንበር ላይ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠው በሩን ያያሉ። ግድግዳው ላይ የሙታን ስም ሰሌዳ አለ፤ በየስሙ አጠገብ ትንሽ አምፖል አለች። የሚስታቸውን ከትናንት ማታ ጀምሮ ያበራሁት እኔ ነኝ።

ከመካከላቸው አንዱ መቁጠር ጀመረ። ሰውን በቁጥር መቁጠር ስለሚፈሩ «አንድ አይደለህ፣ ሁለት አይደለህ» እያሉ ነው የሚቆጥሩት። እኔ ጋ ሲደርስ ጣቱ ዘለለኝ። ሕጋቸው ነው፤ አይከፋኝም። ውሸቴን ነው፤ ከፍቶኛል።

አንድ ሰው ትዝ አለኝ። የኤርፖርት ቫን የሚነዳ የጎንደር ሰው ነው። የሚኖረው በዚሁ በኮልፋክስ ሌላው ጫፍ፣ ኦሪጅናል ኦሮራ በሚሉት የድሮው ኦሮራ ሰፈር ነው፤ የእኔ ጎረቤት ነው። ለኦሮራ ሐበሻ ጴንጤ ነኝ ይላል፤ ቤተ ክርስቲያን ለምን አትመጣም ብሎ የሚጨቀጭቀው እንዳይኖር። እናቱ እስራኤል ሄደው የሞቱ ጊዜ ቫኑ ውስጥ ነው እውነቱን የነገረኝ፤ ቤተ እስራኤል ነው። ሀገር ቤት የእነሱን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ስድባቸውን ግን ሁሉም ያውቃል። ለዚያ ነው የሚደበቀው።

ደወልኩለት።

«የት ነህ?»

«ዳውንታውን ሰው አውርጄ መመለሴ ነው። ምነው?»

ነገርኩት።

«አንተ ሰውዬ፣ ፊደል ከቆጠርክ ወዲህ በሰው ነገር መግባት አበዛህ።»

«አሥረኛ ሰው ጎድሎ ነው።»

«ነገ ኦሮራ ገበያው ሁሉ ሲያወራኝ ሊውል?»

«እዚህ ሐበሻ እኔ ብቻ ነኝ።»

«ለወሬ አንተ አትበቃም?» አለና፣ «ልጅ የላቸውም?»

«የላቸውም።»

«መጣሁ።»

ፓርክ አድርጎ ሲገባ ጫማውን በር ላይ ሊያወልቅ ጎንበስ አለ። እዚህ አይወለቅም ብዬ ያዝኩት። በሩ አጠገብ ካለው ሳጥን እነሱ ለጸሎት የሚደፏትን ትንሽ ኮፍያ አንስቼ ሰጠሁት። ሽማግሌው ተነሥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡት፤ ያን ጊዜ ነው ካፖርታቸውን ያወለቁት።

ከዘጠኙ አንዱ የተማረ ሰው ነው፤ ክፉ አይደለም። ምነው ክፉ በሆነ፣ ስሰድበው በዋልኩ። ለወሬ ያህል፣ በፈገግታ ነው የጠየቀው፦ «በአገርህ ሹልን ምን ትሉታላችሁ?»

ሾፌሩ ደስ አለው። በዚህ ሁሉ ዓመት ስለዚህ ነገር የጠየቀው ሰው ያለ አልመሰለኝም። ደረቱን ነፋ አድርጎ መለሰ።

«መስጊድ።»

ያ ፈገግታ እዚያው ሰውዬው ፊት ላይ ደረቀ። «ሞስክ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«አይደለም» አልኩ፤ «ቃሉ ሰገደ ከሚለው ነው የመጣው። መስገጃ ማለት ነው። የቤተ እስራኤልም ምኩራብ ስሙ ይኸው ነው።»

የተማረው ሰው ራሱን ነቀነቀ። «ቃሉ እኛም ጋ አለ» አለ በቀስታ። «በመጽሐፋችን ግን ለጣዖት ለሚሰግድ ነው የተነገረው።» ወደ ሾፌሩ ዞረ። «አይሁዳዊ አይደለህም ማለቴ አይደለም። ረቢውን እንጠይቅ ማለቴ ነው።»

ረቢው ስልክ አያነሣም። እንደገና ተደወለ። ሽማግሌው «ሰውዬው አይሁዳዊ ነኝ ብሎ መጥቷል፤ ለእኔ ይበቃኛል» አሉ። ሁለት ሰዎች ለእኛም ይበቃናል አሉ። ሌሎቹ ወለሉን አዩ። ወለሉን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ምንም አልተጻፈበትም። ሾፌሩ እንግሊዝኛው ሁሉ ባይገባውም ፊታቸው ገብቶታል። ኮፍያዋን አወለቀ፣ እጥፍ አድርጎ ወደ ሳጥኑ መለሳትና ወጣ።

ምዕራብ በኩል ያለው መስኮት ቀይ ነበር፤ ከዚያ ግራጫ ሆነ። ረቢው አልደወለም።

ሽማግሌው ካፖርታቸውን መልሰው ለበሱ። በአጠገቤ ሲያልፉ ቆሙ።

«ሻማሽ» አሉኝ፤ እንደ ሌላው ሻመስ አላሉም። «አጥፋት። ቀኑ አልፏል።»

አጠፋኋት። ሥራዬ ነው።

የሄደ መስሎኝ ነበር፤ ቫኑ ግን እንደበራ ደጅ ቆሟል። ገባሁ። ኮልፋክስን ወደ ምሥራቅ ይዘን ብዙ መብራት አለፍን።

«ቃዲሹን አሉላቸው?»

«አላሉም።»

«በእኔ ነው።»

«በቃሉ ነው።»

«እናቴ መስጊድ ነበር የምትለው። በልጅነቴ፣ መስጊድ እንሂድ፣ ጫማህን አውልቅ ትለኝ ነበር። ሲጠይቁኝ ከአፌ የወጣው የእሷ ነው።»

«ቃሉ ምንም አይልም። እነሱ ናቸው።»

ቀይ መብራት ያዘን። እጁን መሪው ላይ እንደጫነ፣ ወደ እኔ ሳይዞር ነው የተናገረው።

«ጸሎት ቤትም እንላለን እኮ» አለ። «ሁለቱንም ነው የምንለው።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን ያለው መኪና ክላክስ እስኪያደርግ ድረስ አልነዳም።