ቤቱን የሚያኖረው ማነው?

ኤልቪራ ባራጋን ለሌላ ሴት ስትከራከር ፊቷ የሚቆም ጠበቃ አልነበረም። የራሷ ጉዳይ ሲመጣ ግን ምላሷ ተሳሰረ።

በአውሮፓውያን 1944 ከየአገሩ የመጡ ሴት ጠበቆች ዓለም አቀፍ ማኅበር ሊመሠርቱ እዚህ ሜክሲኮ ከተማ ተሰብስበው ነበር። በእኛ በኩል የምትፈርመው የቢሮ ባልደረባዬ ኤልቪራ ነበረች። ፊርማው ለከሰዓት ተቀጥሮ ሳለ፣ ባሏ ሌአንድሮ ያንኑ ዕለት ጠዋት ፍርድ ቤት አቆማት። ቤቱን በገንዘቡ የሚያስተዳድር ባል ሚስቱን ሥራ በዳኛ ማስከልከል በሕጋችን ይችል ነበር። ከተሸነፈች ፊርማውም ጥብቅናውም አበቃ።

ጉዱ ግን ሌላ ነው። ሌአንድሮ ከፋብሪካ ከተባረረ ዓመት አልፎታል፤ ቤቱን የምታኖረው እሷ ናት። ይህን ከእኔ በቀር ለማንም አልተነፈሰችም። እናቱ ዶኛ ሶኮሮ እንኳ ልጃቸው ሥራ ላይ ያለ ይመስላቸዋል። አሁን ፊት ወንበር ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ተናገሪ እንጂ» አልኳት በሹክሹክታ።

«እናቱ ፊት?»

«እሱስ አንቺን የከሰሰሽ ማን ፊት ሆነና?»

ሌአንድሮ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ከቤቴ አንድ ነገር አላጎደልኩም፤ ቤቷን የረሳችው ሚስቴ ናት» አለ።

ዳኛው ወደ ኤልቪራ ዞሩ። «ጥያቄ አለዎት?»

ኤልቪራ የዶኛ ሶኮሮን መቁጠሪያ አየችና ወደ ባሏ ዞረች።

«ሌአንድሮ፣ ያለፈውን ወር ኪራይ ማን ከፈለ?»

ሌአንድሮ ወደ እናቱ ዞር አለ።

«እግርህ ላይ ያለውን ጫማስ?»

«ተይ ኤልቪራ፣ እናቴ አለች እኮ።»

«ማን ገዛው?»

«አንቺ።»

ዶኛ ሶኮሮ ተነሥተው ልጃቸውን ሳያዩ ወጡ። ዳኛው አቤቱታውን ውድቅ አደረጉት። እኔ አልዋሽም፣ አንጀቴ ራሰ።

ከሰዓት ፈረመች። አዳራሹ በጭብጨባ ሲናጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ለምሳ የሚሆን ሳንቲም የለውም እኮ» አለችኝ።

«ይራብ» አልኳት።

ኮቷን አንሥታ ልትፈልገው ወጣች። አላገኘችውም፤ ወደ ቤትም አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ባሏ የከሰሳት ሴት ቢሮአችን በመጣች ቁጥር፣ ኤልቪራ ሕጉን ከማንሣቷ በፊት፣ «አሁንም ትወጂዋለሽ?» ብላ ትጠይቃት ነበር።