የእንኮይ ልጣጭ

ለሁለተኛ ዲግሪዬ እንኮይን ላጠና ነው ስለው አባቴ ከልቡ ሳቀ። በደርግ ጊዜ ከወሎ ወደ አሶሳ በሰፈራ የመጣ ሰው ነው፤ እንደደረሱ ሰሞን የእርዳታው ስንዴ ሲዘገይባቸው ከጫካ እንኮይ እየለቀሙ መዋላቸውን ደጋግሞ አውግቶኛል። «እኛ ለሆዳችን የበላነውን አንቺ ልትማሪበት?» አለኝ።

ፍሬውን ያገኘሁት በጎረቤታችን በኩል ነው። እኚህ ሴት ከመንጌ ወረዳ የመጡ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናቸው፤ እሳቸው አሶሳ ከገቡ ቢቆዩም ወንድማቸው አሁንም እዚያው መንጌ ያርሳል። ዝናቡ ሲጀምር አብረን ሄድን። እኔን እሾሁ እጄን ቧጨረኝ፤ እሳቸው ግን ቅርንጫፉን በዱላ ጎንበስ እያደረጉ የበሰለውን ብቻ ይቀጥፋሉ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነውና ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት።

«ብላ እንጂ! ሳትበላ ምኑን ትማራለህ?» አሉኝ።

በላሁ። መጀመሪያ ጎመዘዘኝ፣ ቀጥሎ ጣፈጠኝ፤ ልጣጩ ግን ምላሴን ጨምድዶ ያዘኝ። ያ የሚጨመድደው ታኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ፊቴን ሳጨማድድ ሴትዮዋ ከነወንድማቸው ሳቁብኝ።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ልጣጩንና ሥጋውን ለየብቻ አደረቅሁ፣ ፈጨሁ፣ በአልኮል ዘፍዝፌ አጠለልሁ። ከዚያ ሐምራዊ ቀለም ያለው ኬሚካል ላይ ጠብ አደረግሁት። ኬሚካሉ ሰውነታችን ውስጥ ሕዋስን የሚጎዱትን ዕረፍት የለሽ ሞለኪውሎች ይመስላል፤ እነሱን የሚያበርድ ንጥረ ነገር፣ ማለትም አንቲኦክሲዳንት፣ ሲያገኝ ይረጋል፣ ሐምራዊነቱም ይለቃል። የሥጋው ጠብታ ያረፈበት ቀስ እያለ ፈዘዘ። የልጣጩ ግን ዓይኔ እያየ ቢጫ ሆነ። ብቻዬን ነበርኩ፤ እልል ማለት አማረኝ።

ያየሁትን ለአባቴ ነገርኩት። እሱ ደግሞ ከመስጊድ ሲመለስ ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰው። «ልጄ እንኮይ መድኃኒት መሆኑን አገኘች!»

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችንን ገበያ መሃል አዞራቸው። ሰዎች ደግፈው አስቀመጧቸውና ለእኔ ተደወለልኝ። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስኳቸው። የደም ግፊታቸው በጣም ጨምሮ ነበር።

«የግፊት ኪኒንዎን እየወሰዱ ነው?» አለች ነርሷ።

«ወላሂ ትቼዋለሁ። ይኼ ልጅ እንኮይ ደዋ ነው አለ» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ። ደዋ ያሉት መድኃኒትን ነው።

ነርሷ ዞራ አየችኝ።  ሴትዮዋ አልጋ ላይ ጋደም ብለው እጄን ያዝ አድርገውኛል፤ እኔን የሚያጽናኑ ነበር የሚመስሉት።

ሲሻላቸው ከአባቴ ጋር ቤተ ሙከራ ወሰድኳቸው። ሐምራዊውን ኬሚካል አሳየኋቸው፤ የልጣጩን ጭማቂ ጨመርኩበት። ቀለሙ ሲለወጥ አባቴ «አላሁ አክበር!» አለ።

«እማማ፣ ይኼ የሆነው ብልቃጥ ውስጥ ነው» አልኳቸው። «ሰው ሲበላው ሆዱ ውስጥ ምን እንደሚሆን አልለካሁም። ግፊት ያወርዳል ብዬም አላውቅም።»

«መጥፎ ነው ታዲያ?»

«ኧረ ጥሩ ምግብ ነው! ይብሉት። ኪኒኑን ግን አይተካም።»

ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ረጅም ጊዜ አዩት። «እንዲህ በለኝ እንጂ» አሉ በመጨረሻ። «ምግብ ሌላ፣ ደዋ ሌላ።»

 «ወሬውን የነዛሁት እኔ ነኝ፤ የምሰበስበውም እኔው ነኝ» አለ አባቴ። እንዳለውም አደረገ። ዓርብ ከስግደት በኋላ መስጊዱ በር ላይ ቆሞ፣ ኪኒናችሁን እንዳትተዉ እያለ የሚያልፈውን ሁሉ ሲያስቆም አየሁት። አንዳንዱ ይስቅበታል፤ እሱ ግን የሰውየውን ልብስ ይዞ ተናግሮ እስኪጨርስ አይለቅም።

የጎረቤታችን ግፊት እየወረደ መጣ። ከነርሷ ጋርም ተወዳጅተዋል፤ ለክትትል በሄዱ ቁጥር ከመንጌ የመጣውን ፍሬ ይዘውላት ይሄዳሉ። እሷም ግፊታቸውን ለክታ ስትጨርስ አብራቸው ቁጭ ብላ ትበላለች።