ልብስ ሰፊው ሄልሜቱ ላይ የሰፋው ካሜራ

ጋሽ ሜትር በብስክሌት ማንንም ገጭቶ አያውቅም፤ እሱን የገጩት ግን ብዙ ናቸው። ይህን የሚለው ራሱ ነው። አምና አንድ የመብራት ምሰሶ ሳይታሰብ ፊቱ ድቅን አለበት። ባለፈው ወር ደግሞ የቆመ የአትክልት ጋሪ ገጨው። ጋሪው መቆሙን አይክድም፤ የቆመበት ቦታ ግን ለጋሪ የሚሆን አልነበረም ብሎ ሽንጡን ገትሮ ይከራከራል። ከባለጋሪው ጋር ሲከራከርም ክርኑ እየደማ ነበር።

ቅጽል ስሙ የወጣለት ከአንገቱ ከማይለየው የልብስ መለኪያ ነው። ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍቷል። የሰው ግራ ትከሻ ከቀኙ ዝቅ ማለቱን ከመንገድ ማዶ ያውቃል። ከሰው ጋር ሰላም ሲባባል ቀድሞ የሚያየው ኮሌታ ነው፤ ወደ ፊት የሚደርሰው ኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናው ላይ እንዳጎነበሰ ይውላል። ቀና የሚለው፣ ነፋስም ፊቱን የሚያገኘው፣ ከቤቱ እስከ ሱቁ ባለችው የግማሽ ሰዓት የብስክሌት መንገድ ብቻ ነው። ያቺን ከሚቀሙት ምሳውን ዕድሜ ልኩን ቢቀሙት ይሻለዋል።

ሚስቱ ጤና ጣቢያ ውስጥ ቁስል የምትሰፋ፣ የተሰበረ አጥንት በጀሶ የምታስር ነርስ ናት። የመንገድ አደጋ ለእሷ ወሬ አይደለም፤ በየቀኑ በቃሬዛ ይመጣላታል። የጋሪው ቀን ተራ ይዘው ከተቀመጡት በሽተኞች መካከል የገዛ ባሏን አገኘችው። ክርኑን አጥባ መስፋት ጀመረች። ሰውየው አርፎ ቢቀመጥ ነገሩ በዚያው ያልፍ ይሆን ነበር። እሱ ግን አንገቱን አስግጎ አየና፣ "ስፌቱን ትንሽ አራራቅሽው" አላት። አብረዋት የሚሠሩት ሁሉ ሰሙ።

ነገሩን በሆዷ ይዛ ቆየችና ቤት ስትገባ አወጣችው።

"ብስክሌቷ ከዚህ ቤት ትውጣ።"

"ጋሪው እኮ ነው..."

"ተወኝ እባክህ። ብስክሌት ላይ ስትወጣ ዓይንህ የት እንደሚሄድ አላውቅም፤ መንገዱ ላይ ግን የለም።"

"ስነዳ አይተሽኝ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"በይ አሳይሻለሁ።"

ብስክሌተኞች ካሜራ አስረው መንገዳቸውን ሲቀርጹ አይቷል። ስለዚህ ተዋዋሉ። አምስት ቀን ሲነዳ ይቀረጻል፤ እሑድ ፊልሙን ሦስት ሆነው ያያሉ። ዳኛው የሚስቱ ታናሽ ወንድም እንዲሆን ተስማሙ፤ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው፣ ለእህቱም ቢሆን አያዳላም። ካለፈ ብስክሌቷ ትቀመጣለች፤ ከወደቀ በዚያው ቀን ትወጣለች። ጋሽ ሜትር ዓይኑን ሳያሽ እሺ አለ። እርግጠኛ ነበራ።

ካሜራ መሸጫው ውስጥ ያለችው ልጅ ሦስት ዓይነት አወጣችለት። "ይኼኛው ጋሼ፣ አሥር ሜትር ውኃ ውስጥ ይሠራል" አለችው።

"አሥር ሜትር ውኃ ውስጥ ከገባሁማ ሚስቴ ፊልሙን ማየት አያስፈልጋትም።"

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ስለ ምስል ጥራት፣ ስለ ባትሪ፣ መንቀጥቀጥ ስለማጥፋት ዘረዘረች። እሱ ሦስቱንም እንደ ጨርቅ በሁለት ጣቱ እያሸ፣ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ቁመትና ወርዳቸውን ለካ። ትንሹን መረጠ፤ ምክንያቱም ለትንሽ ነገር ኪስ መስፋት ይቀላል። መግጠሚያ ብላ የሚጣበቅ ነገር ስትሰጠው ግን ፊቱ ተለወጠ።

"ልጄ፣ ማጣበቂያ የፈጠረው መርፌ የማይችል ሰው ነው።"

"እንደፈለጉ ጋሼ። ብቻ የት ሊያስሩት ነው? መሪው ላይ ካሰሩት ይንቀጠቀጣል። ሄልሜት ላይ ከሆነ ደግሞ እርስዎ የሚያዩትን ነው የሚያየው።"

እሱ ግን መሪው ይሻላል ብሎ ወጣ። ምክር የሚሰማ ሰው ቢሆን ኖሮ ምሰሶውም ጋሪውም ባልገጩት ነበር።

መሪው ላይ በጠንካራ ጥብጣብ ጠምጥሞ አሰረውና ሰፈሩን ዞሮ መጣ። ፊልሙ መሬት ስትንቀጠቀጥ የተነሣ ይመስላል። ይህን ብታይ ሰክሮ ነው የሚነዳው ትላለች ብሎ ፈታው። ቀጥሎ የደረት መታጠቂያ ሰፋ። ገበር ያለው፣ ጠርዙ ድርብ ስፌት የሆነ፣ ሙሽራ ቢለብሰው የማያሳፍር መታጠቂያ ነበር። ችግሩ ሰው ብስክሌት ላይ ሲቀመጥ ወደ ፊት ያጎነብሳል፤ የተቀረጸውም ሁለት ጉልበቶች ተራ በተራ ብቅ እያሉ ሰላም ሲሉ ነው። ካሜራው ቀና እንዲል ከሥሩ ለኮት ትከሻ የሚገባውን ስፖንጅ ወሸቀበት። አሁን ደግሞ ሰማይ ብቻ ሆነ። አንድ አሞራ ግን ጥሩ አድርጎ ተቀርጿል።

በመጨረሻ ለሄልሜቱ ልኩን ወስዶ የጨርቅ ሽፋን ሰፋለት፤ ግንባሩ ላይ ካሜራው የሚገባባት ኪስ አወጣ፤ ለካሜራው ዓይን ክብ ቀዳዳ ከፈተና ዙሪያውን እንደ ቁልፍ ቤት በክር ዘመዘመው። የልጅቷ ነገር ትዝ አለው። እሱ የሚያየውን ካየማ ሌላ ምን ይፈለጋል ሲል ልቡ ቅቤ ጠጣ።

አምስት ቀን እንደዚያ ተጠንቅቆ ነድቶ አያውቅም። መታጠፊያ ሁሉ ላይ ደወል ደወለ፣ እጁን ዘርግቶ ምልክት ሰጠ። ማታ ሲገባ "ዛሬም በሰላም" ይላታል፤ እሷም "እግዜር ይመስገን" ትላለች እንጂ ሌላ አትጨምርም። ፊልሙን አስቀድሞ አላየውም። ከፈታኙ በፊት ፈተናውን መክፈት ነውር መስሎታል፤ በዚህ በዚህ ጨዋ ሰው ነው።

እሑድ ከምሳ በኋላ የሚስቱ ወንድም መሥሪያ ቤቱ የሚጠቀምበትን የመንጃ ፈቃድ ፈተና ቅጽና እስክሪብቶ ይዞ መጣ። "ጋሼ፣ ዝምድና እዚህ በር ላይ ቀርቷል" ብሎ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠ።

ፊልሙ ተከፈተ። የግቢያቸው በር፣ ከዚያ መንገዱ፣ ጥርት ብሎ። ጋሽ ሜትር ወደ ሚስቱ ዞር ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። ሦስት ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ምስሉ ወደ ቀኝ ዞረና የአንዲት ሴት ቀሚስ ጫፍ ላይ አረፈ። እዚያው ቆየ። ሴትየዋ ወደ ኋላ ስትቀር ምስሉም ወደ ኋላ ዞሮ ሸኛት።

"ማናት?" አለች ሚስቱ።

"እኔ ምን አውቃለሁ። ዘርፉ ወደ ግራ ረዝሟል፣ አታዪውም?"

ቀጥሎ የአንድ ሰው ሱሪ መጣ፤ ከሱሪው ቀጥሎ እጅጌ፤ ከዚያ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች ወገብ በሙሉ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ በአንድ። ደወሉ ይሰማል፣ እጁም ሲዘረጋ ይታያል፤ መንገዱ ግን የለም።

"የትራፊክ መብራቱ ምን ነበር ጋሼ?" አለ ፈታኙ።

"አረንጓዴ።"

"የሰውየው ሹራብ ነው አረንጓዴ። መብራቱ አልተቀረጸም።" ጻፈ።

ሚስቱ መሳቅ ጀመረች። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እሱ ኩም ብሎ ተቀመጠ፤ ሆኖም እጁ አላርፍ ብሎት "ያ ኮት እኮ ጀርባው ላይ ያለው ስንጥቅ ከመሃል ወጥቷል፣ እዩት እስኪ" እያለ ወደ ቴሌቪዥኑ ይጠቁማል።

ያ ኮት አደባባዩ ጋ የተቀረጸ ነበር። ምስሉ ኮቱ ላይ ሙጭጭ እንዳለ፣ በግራ ጠርዝ በኩል አንድ ትልቅ ነገር ገብቶ ግማሹን ጋረደው። የጭነት መኪና ጎን ነው። ጎማው ከጋሽ ሜትር እጅጌ አንድ ስንዝር ርቆ አለፈ። ረጅም የጥሩምባ ድምፅ ተሰማ። ምስሉ ንቅንቅ አላለም፤ ኮቱን ያያል።

ሳቁ ቆመ። ፈታኙ እስክሪብቶውን ክዳኑ ውስጥ መለሰ። ሚስቱ ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ገባች። የቧንቧው ውኃ ሲወርድ ይሰማል፤ የሳህን ድምፅ ግን የለም።

ጋሽ ሜትር ያን ኮት ያስታውሰዋል፤ ጨርቁን፣ የአዝራሩን ብዛት፣ ሁሉን። መኪና ግን አያስታውስም። ጥሩምባም አልሰማም። ያን ቀንም ቤት ገብቶ "ዛሬም በሰላም" ብሏታል።

ማድ ቤቱ በር ላይ ሄዶ ቆመ።

"አላየሁትም" አላት።

"አውቃለሁ።"

"እውነቴን ነው።"

"ዋሽተኸኝ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር" አለች ጀርባዋን እንደሰጠችው። "የሚዋሽ ሰው ቢያንስ አይቷል። አንተ እኮ እውነትህን ነበር።"

ወደ ሳሎን ተመለሰና የብስክሌቷን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ለሚስቱ ወንድም ሰጠው። "ሐሳቤን ሳልለውጥ ይዘሃት ሂድ" አለው። ሰውየው በመኪናው ጣሪያ ላይ ጭኖ ሲያስራት፣ ጋሽ ሜትር ወጥቶ ገመዱን አጠበቀለት፤ እንዳትወድቅ ሰግቶ። መኪናው መታጠፊያው ጋ እስኪሰወር በሩ ላይ ቆመ። መልሶ ግን አልጠራውም።

ሰኞ ጠዋት በእግሩ ወጣ። ሚስቱ የሥራ ሰዓቷ ገና ሳለ ጫማዋን አድርጋ ተከተለችው። እስከ ትልቁ መንገድ ጎን ለጎን ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ ከፊታቸው አንድ ሰው አዲስ ጃኬት ለብሶ ይሻገራል፤ ጋሽ ሜትርም ዓይኑ ኮሌታው ላይ እንደተተከለ አንድ እግሩን ወደ አስፋልቱ አወረደ።

እጅጌውን ይዛ ጎትታ አቆመችው። አንድ ሚኒባስ በፊታቸው ሽው ብሎ አለፈ።

"ኮሌታው እንዴት ነው?" አለችው እጅጌውን ሳትለቅ።

"ጥሩ ተሰፍቷል።"

"በደንብ አየኸው?"

"አየሁት።"

"በል አሁን ግራና ቀኝህን እይና እንሻገር።"