የዲፌንሱ ግምገማ በፓርኪንግ ሎት

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እኛ ቤት ሰው ይገመገማል። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሌላው ቤተሰብ ምሳውን በልቶ ጋደም ሲል የኛ ሳሎን ስብሰባ ይቀመጣል። ሰብሳቢው አጎቴ ነው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም። ዲቪ ደርሶት ከመምጣቱ በፊት አዲስ አበባ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራ ነበር። ሥራው ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ሲያወራ የምሰማው ስለ ግምገማ ብቻ ነው። ማን በማን ላይ ሂስ እንዳቀረበ፣ ማን ግለሂሱን እያለቀሰ እንዳወረደ፣ ማን ከስብሰባው ሲወጣ ደም ግፊቱ ተነስቶ ሆስፒታል እንደገባ። አሁን አሌክሳንድሪያ ሆቴል በር ላይ የሰው መኪና እየተቀበለ ያቆማል። እዚያ የሚገመግመው ሰው የለም። ስለዚህ ወንድሜን ይገመግማል።

ወንድሜ ኮሌጅ ውስጥ ፉትቦል ይጫወታል። ሶከር አይደለም፤ ሄልሜት ተደርጎ ኳሱ በእጅ የሚያዝበትን ነው የምለው። ቦታው ዲፌንስ ነው፤ ኮርነርባክ ይሉታል። ሜዳው ዳር ቆሞ ኳስ ሊቀበል የሚሮጠውን የሌላውን ቡድን ልጅ መያዝ ነው ሥራው። ማንም ጠርቶት አይደለም የገባው፤ ራሱ ሄዶ ተፈትኖ ነው። አባቴ ሲፈቅድለት ቃል አስገብቶታል። "ተጫወት። ለቡድኑ የማትጠቅም መሆንህን ያየሁ ቀን ግን ትተኸው ትመጣለህ። ላትጠቅም አንገትህን እንድትሰበር አላሳደግኩህም።" ወንድሜም "እሺ" አለ። እኛ ቤት እሺ ከተባለ ተባለ ነው፤ ወደ ኋላ የለም።

እኔ ደግሞ ጨዋታውን ከሱ በላይ ነው የምወደው። እሱ ይጫወተዋል እንጂ አያየውም። እኔ ግን ሪከርድ አድርጌ እየመለስኩ አየዋለሁ፤ ኳሱን ተዉት፣ ኳሱን ሁሉም ሰው ያየዋል። የማየው ዲፌንሱን ነው። ጨዋታው ሳይጀመር ማን የት ቆመ? ዓይኑ የት ነው? ማን ነው ቀድሞ የተነቃነቀ? ከአጎቴ ጋር የማንስማማውም በዚሁ ነው። እሱ የሚፈልገው አንድ ጥፋተኛ ነው፣ እሱም ቢቻል ቅርብ ያለ፣ ቢቻል ደግሞ ሶፋችን ላይ የተቀመጠ።

ያን ቅዳሜ ሽንፈቱ የመጣው ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ነው። የሌላው ቡድን ልጅ ወንድሜን አለፈና ብቻውን ሮጠ፤ ኳሱ ከላይ መጣለት፤ ተችዳውን፣ ጎል እንደማለት። ወንድሜ ከኋላው እየተንገላታ ሮጧል፤ አልደረሰም። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ይህችን ነገር ወደዳት። እየመለሰ እየመለሰ ከኋላ ያሳየናል። ማሊያው ጀርባ ላይ የተጻፈው የአያቴ ስም ነው፤ እዚህ አገር ላስት ኔማችን እሱ ነዋ። እናም የሞቱት አያቴ ስም በመላው ሜሪላንድ ፊት ከአንድ ጎረምሳ ኋላ ሲሮጥ አየነው። አባቴ "ነፍሳቸውን ይማር" አለና ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። 

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የፈለገው ሁሉ ተናገረ። አንዱ ሰውዬ የአባቴን እጅ ይዞ አልለቅም ብሎ "አባትህን ትናንት በቲቪ አየኋቸው፤ ደክሟቸዋል መሰለኝ" አለው። ሰዎቹ ሳቁ። አባቴም ሳቀ፤ ግን ጥርሱ ብቻ ነው የሳቀው። መኪና ውስጥ ስንገባ በሩን እንዴት እንደዘጋው ሰምቼ ዛሬ ቀልድ የለም አልኩ።

አጎቴ ከአሌክሳንድሪያ ሲመጣ ድልድዩ ላይ ትራፊክ ይዞት አርፍዶ ደረሰ። በአንድ እጁ የመኪናውን ቁልፍ፣ በሌላው በፌስታል የታሰረ ዊንግስ፣ የተጠበሰ የዶሮ ክንፍ፣ ይዟል።

እናቴ ገና ነጠላዋን አላወለቀችም። "ጽጌ ነው እኮ!" አለችው።

"ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው።"

"ላንተ ያልተፈቀደልህ ምን አለ?"

"ስብሰባው ሲያልቅ ነው የምበላው" አለና ፌስታሉን እግሩ ሥር አስቀመጠ። ወንድሜን አየው። ወንድሜ ከዶርም መጥቶ ግድግዳው አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ሁልጊዜ ተገምጋሚ የሚቀመጥባት ወንበር እሷ ናት።

"አጀንዳችን አንድ ነው" አለ አጎቴ። "የትናንቱ የዲፌንስ አፈጻጸም። መጀመሪያ ግለሂስ።"

ወንድሜ "አመለጠኝ" አለ። "የኔ ጥፋት ነው።"

"በዝርዝር!"

"ዝርዝር የለውም ጋሼ። አመለጠኝ።"

አጎቴ ደስ አላለውም። ሰው እንዲህ ቶሎ ሲያምን ስብሰባው ይበላሽበታል። "ይሄ ግለሂስ ነው? ይሄ ማምለጫ ነው! ጥፋትህን ዘርዝረህ፣ መንስኤውን አብራርተህ፣ ለወደፊቱ..."

"ተወው" አለ አባቴ ከጥግ። ሁላችንም ዞርን። "ልጁ በገዛ አፉ ጨርሶታል። ቃልህን ታስታውሳለህ?"

"አስታውሳለሁ።"

"እንግዲያው ነገ ለአሠልጣኝህ ትነግረዋለህ። በቃ።"

ወንድሜ መሬት መሬት እያየ "እሺ" ሊል አፉን ሲከፍት አየሁት። እሺ ካለ ደግሞ አለቀ!

"ውሸቱን ነው!" አልኩ።

"አንቺ ልጅ! ዕድል ሳይሰጥሽ!" አጎቴ ጣቱን ቀሰረብኝ።

"እጄን አውጥቻለሁ።"

"እጅሽን አውጥተሽ እየጮህሽ ነው!"

"ያ ልጅ የሱ አልነበረም ጋሼ! ትናንት የሱ ሥራ ልጁን መጀመሪያ ላይ ገፍቶ ማዘግየትና ከኋላ ላለው ማስረከብ ነበር። አስረከበ። ከኋላ ያለው ነው የጠፋው።"

"ታዲያ እሱ ምን ሊያደርግ ነው ከኋላው የሮጠው?"

"ሌላ የሚሮጥለት ሰው ስላልነበረ!"

"ሻት አፕ" አለኝ ወንድሜ። ጮክ አላለም፤ ግን ዓይኑ ቢበላኝ ኖሮ ያኔ በልቶኝ ነበር። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከኋላ መቆም የነበረበት ልጅ፣ ሴፍቲ የሚሉት የሁሉም የኋላ ዘበኛ፣ ዶርም ውስጥ አብሮት የሚያድር ጓደኛው ነው። የጓደኛውን ስም ከሚያነሳ ቡድኑን ለቆ ቢወጣ ይመርጣል። ይቅርታ፣ እኔ ግን ከዚያ ልጅ ጋር አላድርም።

አጎቴ ሳቀ፤ የሚያናድደው ሳቁን። "እና ዘበኛው የት ሄደልሽ? ሽንት ቤት? ልጁ ፊት ለፊቱ እየመጣ አላየውም? እኔ ብሆን ከቦታዬ ንቅንቅ አልልም ነበር።"

ቃሉን ሲናገረው ደስታዬ እስከ ጣቴ ጫፍ ወረደ።

"ይነሱ እንግዲህ ጋሼ" አልኩት።

ሳሎናችን ለዚህ አይበቃም፤ ፓርኪንግ ሎት ወረድን። አጎቴ የወረደው ሊያሳፍረኝ፣ እናቴ ልታስታርቀን፣ አባቴ ደግሞ እናቴ እጁን ስለጎተተችው ነው። ወንድሜ መጨረሻ ላይ እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ መጣ። በረንዳቸው ላይ የነበሩ ጎረቤቶች ወንበራቸውን ወደ እኛ አዞሩ።

ኳስ አልነበረንም። የአጎቴን ዊንግስ ይዤ ነበር የወረድኩት።

"አንቺ! ምሳዬን!"

"ኳሳችን ነው። እርስዎ እዚያ፣ ከቆሻሻ መጣያው ፊት ይቁሙ። እርስዎ የኋላ ዘበኛው ነዎት። እኔ ኳስ ተቀባይ ነኝ፤ በዚህ ዳር ነው የምሮጠው። ሥራዎ አንድ ብቻ ነው፤ ማንም አልፎዎት እንዳይሄድ።"

አባቴን ከፊቴ አቆምኩት። "አንተ እሱ ነህ" አልኩት ወንድሜን እያሳየሁ። "ስሮጥ ትከሻዬን ትገፋኛለህ፣ ከዚያ ትለቀኛለህ፣ ከቦታህ አትሄድም። አሠልጣኙ ያለው እንደዚያ ነው።" አባቴ መልስ አልሰጠኝም፤ ግን ቆመ።

ፌስታሉን ለኳስ ወርዋሪያችን፣ ለእናቴ፣ ሰጠኋት። እሷ በሁለት ጣት ያዘችው። ጆሮዋ ላይ "ለወንድሜ የምትሰጪ ምሰይና ከዚያ ለኔ ወርውሪው፤ ትናንት ዘበኛውን ያታለሉት እንዲህ ነው" አልኳት።

"ምግብ? ምግብ ይወረወራል እንዴ? ነውር አይደለም?"

"እሺ አትወርውሪ። አምጪልኝ።"

ጀመርን። ሮጥኩ። አባቴ ትከሻዬን ገፋኝ፣ እውነቴን ነው፣ ልወድቅ ነበር፤ ከዚያ ለቀቀኝና እንደታዘዘው ቆመ። በዚያች ቅጽበት እናቴ ፌስታሉን ይዛ ወደ ወንድሜ ዘረጋች።

"ለሱ እንዳትሰጪው!" ብሎ አጎቴ ከቦታው ተነስቶ መጣ። ሮጠ! እኔ በአጠገቡ ሳልፍ ነጠላ ጫማዬ ሲንቀጫቀጭ እንኳ አልሰማም። ወንድሜ እጁን ከኪሱ አላወጣም፤ አጎቴ ግን ጃኬቱን ይዞ "የታለ? የት አደረግከው?" ይለዋል። ዊንግሱ እናቴ ነጠላ ሥር ገብቶ ነበር። ይህን እኔ አልነገርኳትም፤ በራሷ ያመጣችው ነው። እናቴ ከቅዳሴ እንደምትመለስ ሰው ቀስ ብላ፣ ነጠላዋን ሰብስባ፣ አባቴን አልፋ፣ አጎቴን አልፋ፣ ፓርኪንግ ሎቱን አቋርጣ መጣችና ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ዊንግሱን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ይህን ሁሉ መንገድ ስትመጣ እኔ አጠገብ ማንም አልነበረም። ማንም!

"ተችዳውን!" ብዬ ጮህኩ። ጎረቤቶቹ አጨበጨቡ።

አጎቴ ዞረ። ቀጥሎ ያየው አባቴን ነው። "አንተስ? አጠገብህ አይደለም ያለፈችው? ለምን ዝም ብለህ ለቀቅካት?"

"እንድለቅ ነው የተነገረኝ" አለ አባቴ። "ከኋላ አንተ አለህ ብዬ።"

ይህን ከተናገረ በኋላ አባቴ ራሱ የተናገረውን የሰማው መሰለኝ። ወደ ወንድሜ ሄደ።

"እንዲህ ነው የሆነው?"

ወንድሜ አጎቴ የጎተተውን ጃኬቱን አስተካከለ።

"ዘበኛው ጓደኛህ ነው?"

ዝም።

አባቴ መልሱን አገኘ። ከዚያ "ነገ ለማንም ምንም አትነግርም" አለና ወደ ቤት መውጣት ጀመረ። ደረጃው ላይ ደርሶ ደግሞ ዞሮ "በሚቀጥለው ጨዋታ ግን ራሴ ነኝ የማየው" አለ።

ወንድሜ አመሰገነኝ? እንኳንስ ሊያመሰግን! "ይሁዳ" አለኝ። "ሰው በአደባባይ የሚሸጥ።" እኔም "ማንን ሸጥኩ? ፓርኪንግ ሎት ውስጥ የሰማን ጎረቤት አማርኛ አያውቅም" አልኩት። አጎቴ ግን አማርኛ ያውቃል፣ ስልክም አለው። በዚያው ቀን ማታ የአሌክሳንድሪያ ሐበሻ ሁሉ ዘበኛው ሜዳውን ጥሎ እንደሮጠ ሰማ፤ እሱ ራሱ ዊንግሱን ተከትሎ እንደሮጠ ግን ማንም አልሰማም። ወንድሜ ሳምንቱን ሙሉ ስልኬን አላነሳም። እኔ ግን ነገሩን ማንሳት አልነበረብኝም ብዬ አላውቅም፤ ልክ ነበርኩ፣ ልክ መሆን ደግሞ እንዴት እንደሚጣፍጥ የማያውቅ ሰው አይፍረድብኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴ የሥራ ተራውን ለጓደኛው ሰጥቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ከጎኔ ተቀመጠ። ኳሱን አትይ ብዬ አስጠነቀቅኩት። ሦስተኛው ሩብ ላይ ያው ነገር መጣ፤ በወንድሜ በኩል፣ በዳር፣ ልጁ ሮጠ። በዚህ ጊዜ የኋላ ዘበኛው ቦታው ላይ አልነበረም፤ መሆንም አልነበረበትም፤ በሌላው በኩል ነበር ሥራው። ወንድሜ ብቻውን ይዞት መሄድ ነበረበት። ዓይኑ ግን ወደ ኳስ ወርዋሪው ሄደ። ልጁ አለፈው። የአያቴ ስም እንደገና ሮጠ።

ስልኩ ጮኸ። አጎቴ ነው፤ አባቴ ስፒከር ላይ አደረገው። "እሺ ዳኛ! የማን ነው? የዘበኛው በይና ልስማሽ!"

አባቴ አየኝ። የኋላ ዘበኛው ነው ብል ያምነኝ ነበር። አባቴ ገና አንዱን ከአንዱ አይለይም።

"የወንድሜ ነው" አልኩ።

አባቴ ስልኩን ዘጋው።  ቡድኑ አሸነፈ፣ ግን አባቴ ሲነሳ ፊቱ ላይ ማሸነፍ አልነበረም።

እሁድ ወንድሜ መጣ። ማንም ሳይነግረው ግድግዳው አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጠ። አጎቴ ጉሮሮውን ሲጠርግ አባቴ በእጁ አስቆመው።

"የትናንቱ የማን ነው?"

"የኔ ነው። ማየት የማይገባኝን አየሁ። ልጁ ከእጄ ወጣ።"

"ባለፈው እሁድም 'የኔ ነው' ብለህ ነበር።"

ወንድሜ እኔን አየኝ። ያ ያየኝ አስተያየት ፍቅር አይባልም።

"ባለፈው ዋሽቼ ነው" አለ።

"ይኸው!" ብዬ ዘለልኩ። አጎቴ "ተቀመጪ! ዕድል አልተሰጠሽም!" አለኝ። እናቴ "ተዋት" አለችው፣ እሱም "አንቺ ደግሞ ሌባ ነሽ፣ ነጠላ ሥር የምትደብቂ" አላት። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገር ጀመር። አባቴ ብቻ ነው ዝም ብሎ ወንድሜን የሚያየው፤ ልጁን ያን ቀን ገና የተዋወቀው ይመስል።

"በቃ" አለው በመጨረሻ አባቴ አጎቴን፣ "ስብሰባው ተዘግቷል።" ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሮ፣ ያን የመተው ቃል ሳያነሳ፣ "የመጪው ቅዳሜ ጨዋታ ስንት ሰዓት ላይ ነው?" አለው።

ወንድሜ ሰዓቱን ነገረው። ከወንበሩ ሲነሳ በአጠገቤ አለፈና ጆሮዬ ላይ "አሁንም ይሁዳ ነሽ" አለኝ።

"አንተም ዓይንህን ወደ ኳስ ወርዋሪው አትውሰድ" አልኩት።