ከሮቢት እስከ መድኃኔ ዓለም ደጃፍ

የጥቅምት መድኃኔ ዓለም ዕለት ሊነጋጋ ሲል ከሮቢት ተነሣን፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ ተሾመ። የምንሳለመው ከዋጃ ወጣ ብላ ያለችውን ደብር ነው። የእኔ ሐሳብ ግን ሌላ ነበር፤ ዘንድሮስ ተሾመ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ቢገባ ብዬ ነው። ተሾመ በጉርምስናው በግጦሽ ጠብ ሰው ገድሏል። ሽማግሎች ደሙን አድርቀዋል፤ ንስሐውንም ጨርሷል። እሱ ግን በየዓመቱ ከአጥሩ ውጭ ተሳልሞ ይመለሳል።

ቆቦን አልፈን

ቆቦ ላይ ሚኒባስ ቀየርን። ሜዳው ጭጋግ ለብሷል። ወፍ ጠባቂዎቹ ከማሽላው በላይ ማማቸው ላይ ቆመዋል፤ ከሥራቸው ምንም ስለማይታይ ደመና የረገጡ ይመስላሉ። ግመሎች ሲያልፉ የሚታየው አንገታቸው ብቻ ነው። ሕልም ይሁን እውን እንጃ።

«ጋሼ፣ ደረስን?» ይለኛል ተሾመ፣ ገና ሳንርቅ።

ደጃፉ

ከዋጃ በእግር ሄድን። ቅዳሴ ሊገባ ነው። ተሾመ እንደ ልማዱ አጥሩ ሥር ቆመ። የሟቹ እናት እማማ ከበቡሽ በምርኩዝ እያዘገሙ መጡ።

«አንተ! ዛሬም እዚሁ ነህ? አጥር ጠባቂ አድርገው ቀጠሩህ እንዴ?»

«እማማ፣ ለእኔ ከዚህ ይበቃኛል።»

«ለእኔ አይበቃኝም! ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ልቆርብ መጥቼ፣ አንተን ሜዳ ላይ ጥዬ ምን ብዬ በመድኃኔ ዓለም ፊት ልቁም?»

«እጄ እኮ…»

«ያን ቀን ሲያሳድዱህ ከነደምህ ሮጠህ የገባኸው እዚሁ መድኃኔ ዓለም አይደለም እንዴ? ማን ከለከለህ? ሲያባርሩህ ገብተህ፣ ሲጠሩህ እምቢ!»

ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «እንግዲያው እኔም አልገባም። ቅዳሴው ይለፈኝ።»

ደወሉ ተደወለ። ሰው ሁሉ ገብቶ አለቀ። ተሾመ አያቸው፣ አያቸውና ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። እማማ የጋቢውን ጫፍ ይዘው ቀደሙት። እኔም ተከተልኩ፤ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም።

ወደ ቤት

ከሰዓት ሜዳው በሙቀት ይርገበገባል። ተሾመ የሚኒባሱን መስኮት ተደግፎ ሜዳውን ያያል። እኔ በልቤ፣ ንጹሕ እስክንሆን ብንጠብቅ ማን ይገባ ነበር እላለሁ። እሱ መድኃኔ ዓለም ግን የበደልነውን ሰው ሳይቀር ልኮ ይጠራናል።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሮቢት ገባን። ተሾመ ከቤቱ ደጅ ዞር አለና፣

«ጋሼ፣ የኅዳሩ መድኃኔ ዓለም ምን ቀን ይውላል?» አለኝ።