የሚስቴ ጣውንት የነበረችው ኪኒን

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ዋናው መንገድ ዳር ስለሆነ ወደ ደሴ የሚሄደውም ከደሴ የሚመጣውም መኪና በደጄ ያልፋል። ወደ አጣዬ በኩል ተኩስ በነበረበት ሰሞን ሚስቴንና ልጆቼን ይዤ ደብረ ብርሃን እህቴ ቤት ሰነበትኩ። አገሩ ሲረጋጋ ተመለስን። ሁሉም ወደ ሥራው ገባ፤ የእኔ ልብ ግን አልተመለሰችም። የጭነት መኪና ጎማ ሲፈነዳ መቀሴን ጥዬ ጠረጴዛ ሥር እገባለሁ። ምንም ሳይፈነዳም ልቤ ትደልቃለች፣ እጄ ይደነዝዛል፣ አሁን ሞትኩ እላለሁ። ሮቢት ደግሞ ለእንዲህ ያለ በሽታ አይመችም። በግንቦት ሁሉም ሰው ስለሚያልበው የእኔ ላብ የፍርሃት ይሁን የሙቀት ማንም አይለየውም፤ እኔም ጭምር።

አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ልቤን መርምረው ደህና ናት አሉኝና ለጥቂት ጊዜ ብቻ ብለው የምታረጋጋ ትንሽ ነጭ ኪኒን አዘዙልኝ። ዋጥኳት። አልሐምዱሊላህ፣ ዓለም ጸጥ አለ። ጥቂት ጊዜ የተባለው ግን ዓመታት ሆነ። መጀመሪያ ለእንቅልፍ ነበረች፤ ቀጥሎ ለገበያ ቀን፣ ከዚያ ለጁምዓ ሶላት፣ በመጨረሻ ለጎረቤት ሰላምታም ታስፈልገኝ ጀመር። በምለብሰው ሸሚዝ ሁሉ በውስጥ በኩል ለእሷ ብቻ የምትሆን ኪስ ሰፋሁ። ሚስቴ አንድ ቀን የሌሊት ልብሴን ስታጥብ ያችኑ ኪስ አገኘች።

«እዚህም?» አለችኝ። «እኔን ሳታማክር ጣውንት አመጣህብኛ!»

ከዚያ ወዲያ የኪኒኗ ስም ጣውንቴ ሆነ። ጠዋት በር ላይ ቆማ «ጣውንቴን ረስተሃት እንዳትወጣ» ትለኛለች። እኔም እየሳቅሁ ኪሴን እዳስሳለሁ።

አንድ ጊዜ መድኃኒቱ ከከተማው ፋርማሲዎች ሁሉ ጠፋ። እኔም ጎበዝ መስዬ «እንግዲህ ተውኳት» አልኩ። ብዙም ሳልቆይ እንቀጠቀጥ ጀመር፤ ላብ አጠመቀኝ፤ የስፌት መኪናዬ ድምፅ እንኳ እንደ ወፍጮ ጆሮዬን በጠሰው። ሚስቴ ቀልዷን ትታ ሆስፒታል ወሰደችኝ። የተቀበለችን ሐኪም የተረጋጋች ሴት ነበረች።

«በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። ሰውነትዎ ለምዶታል» አለችኝ። «በጥቂት በጥቂቱ እንቀንሰዋለን።»

«በስንት ቀን ያልቃል?»

«ቀን አይበሉ ጋሼ፤ ክረምትና በጋ ይበሉ።»

ስንወጣ ሚስቴ «ፍቺው በሽምግልና መሆኑ ደግ ነው» አለች።

ሐኪሟ ባዘዘችው መጠን ኪኒኗን በምላጭ የምትከፍለው ሚስቴ ነበረች። ጣውንቷን ስትቆርጥ ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ አልረሳውም። ጫትም አቆምኩ፤ የበርጫ ጓደኞቼ የሞትኩ ያህል አዘኑልኝ። በዚያ ጊዜ የሰፋሁት ልብስ ባይነሳ ይሻላል። አንድ መምህር ደንበኛዬ አዲሱን ሱሪ ለብሶ መስታወት ፊት ቆመ። አንዱ እግር ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀርቷል፣ ሌላው መሬት ይጠርጋል።

«ይኼ ዳገት ላይ ለሚኖር ሰው ነው የተሰፋው?» አለኝ።

እጄ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ነገርኩት። ቀልዱን ትቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናቴም ትወስደዋለች» አለ። ያን ቀን ሱሪው ተረሳ፤ ስለ እናቱ ስናወራ ዋልን።

ሐኪሟ ያስተማረችኝ ነገር ለመናገር ቀላል ነበር፦ ፍርሃቱ ሲመጣ አይሽሹ፣ ባሉበት ሆነው ቀስ ብለው ይተንፍሱ፣ ከፍ ብሎ ይወርዳል። ኪኒኗን ጨርሼ ካቆምኩ በኋላ ግን የእህቴ ልጅ ኒካህ ደብረ ብርሃን ሆነ፤ ደብረ ብርሃን ለመድረስ ደግሞ የጣርማ በር ዋሻ አለ። ሚኒባሱ ዳገቱን ጨርሶ ጨለማው ውስጥ ሲገባ ልቤ ጉሮሮዬ ሥር መጣች። አየር ያለቀ መሰለኝ። ሳላስበው ጮኼ «ወራጅ አለ!» አልኩ።

ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ። «እዚህ? ዋሻው ውስጥ ዘመድ አለህ እንዴ?»

መኪናው ሙሉ ሳቀ። አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት ብቻ «ሽንት ይዞት ይሆናል፤ ምን ያስቃችኋል?» ብለው ተቆጡልኝ።

«አይወርድም፤ ንዳው» አለች ሚስቴ። ቀስ ብላ ግን ክንዴን ያዘች።

ተነፈስኩ። ልቤ እስከምትችለው ድረስ ከፍ አለች፤ ከዚያ በላይ የምትሄድበት ስታጣ መውረድ ጀመረች። ከዋሻው ስንወጣ የደጋው ብርድ ፊቴን መታኝ። በሕይወት ነበርኩ፤ ትንሽም አፍሬ ነበር። ሚስቴ ሠርጉ ቤት ሳንገባ ወሬውን አዳረሰችው። ሙሽራይቱ ሳትቀር «ወራጅ አጎቴ» እያለች ሰላም አለችኝ።

አሁን ዓመታት አልፈዋል። ፍርሃቱ ጨርሶ ሄደ ብል ውሸት ነው። ቡና ሳበዛ፣ እንቅልፍ ሳጣ፣ ከርቀት የተኩስ የሚመስል ድምፅ ስሰማ ይመጣል። ሲመጣ ሥራዬን አልተውም፤ እየፈራሁ ቁልፍ እተክላለሁ።

በቀደም ለብቻዬ ካራቆሬ ሄድኩ። ከተኩሱ ወዲህ በዚያ መንገድ ያለ ሚስቴ ሄጄ አላውቅም። አንድ ሱቅ ገብቼ ጨርቅ ስመርጥ ስልኬ ደጋግሞ ጮኸ። ባለሱቁ «ሚስትህ ናት ወይስ ፖሊስ?» አለኝ።

አነሳሁት።

«ለምንድን ነው የማታነሳው?» አለች ሚስቴ፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። «ምን ሆነህ ነው?»

«ጨርቅ እየመረጥኩ ነው።»

«ፈርተህ እንደሆነ ብዬ ነው።»

«ከተማው መግቢያ ላይ ፈርቼ ነበር» አልኳት። «አሁን ግን ረሃቤ ይበልጣል። ምሳ ምን ሠራሽ?»